ለሦስት የከፈልኩት ቤት

እናቴ የቤታችንን የኢንተርኔት ሲስማ ለሕንፃው ሁሉ አድላው ነበር። አንደኛ ፎቅ ላለችው ሩሲያዊት፣ ከላያችን ላሉት ባልና ሚስት፣ ኧረ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ለሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር። ሰውዬው አንድ ቀን ከባድ ዘንቢሏን እስከ ቤት ተሸክሞላት መጣና ውኃ አጠጥታ፣ መርቃ፣ ሲስማውን ሰጥታ ሸኘችው። ሲስማ የምንለው ስልክን ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን የምስጢር ቃል ነው። የምስጢር መባሉ እንግዲህ ለሌላው ቤት ነው። በኛ ቤት ራውተሩ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ሲስማው በትልልቅ ፊደል ተለጥፎ፣ የገባ ሁሉ አንብቦት ይወጣል።

«እማ፣ ይኼ እኮ የቤት ቁልፍ ማለት ነው» እላታለሁ።

«ቁልፍማ አልሰጠሁም። እሳት ነው ያስጫርኩ። እሳት ሲጭሩት ይጎድላል እንዴ?»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አልኳት አንድ ቀን። እኔ ንዴት ይቀድመኛል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይቆረጥ» አለችኝ። «የሚያርስበት ካገኘ እኔ ምን ቸገረኝ።»

እንዲህ እየተነታረክን ዓመታት ኖርን። ንትርኩ ከጨዋታ አልፎ የሚያስለቅስ የሆነው አጎቴ በሞተበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልናገር። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ አንድ ከተማ ውስጥ ክሊኒኩ ተቀምጧል፤ አማርኛ ብቻ የሚችሉ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ፊቱ አሉ፤ እኔ እዚህ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ በመካከላቸው እገባለሁ። «ጎኔን ይወጋኛል» ሲሉ በዕብራይስጥ እነግረዋለሁ። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል በአማርኛ እጠይቃቸዋለሁ። የሰው ገመና ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የብዙ እናቶች ሕመም ተጽፎ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚያሠሩኝ ሰዎች ኮምፒውተሩን የቤት ሰው እንኳ እንዳይነካው አስፈርመውኛል።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ሺቫው፣ የሰባት ቀኑ ልቅሶ፣ እኛ ቤት ሆነ። ነፍሱ ስትወጣ እጁን ይዛ የነበረችው፣ ዐይኑንም የከደነችለት እናቴ ናት። እኔ በዚያ ሰዓት ለማላውቃት ሴትዮ የጉልበት ሕመም እያስተረጎምኩ ነበር። ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ረቡዕ ከቀብር ስንመለስ እናቴ ሳሎን አልገባችም። ቀጥ ብላ ወደ ማማዱ ሄደች። ማማድ ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ የብረት የሆነው ክፍል ነው። ፍራሿን፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ አስገባች። ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት አውልቃ በደፉ ላይ አጋደመችው።

«እማ፣ ምን መሆንሽ ነው?»

«ሬሳ ነክቻለሁ» አለች። «ሰባት ቀን ከዚህ እንጨት ወዲህ እንዳትመጪ። ዕቃዬንም እንዳትነኪ።»

ባገራቸው፣ በጎንደር ገጠር፣ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፤ የበላበት ዕቃ ከሌላው አይደባለቅም፤ በሰባተኛው ቀን ታጥቦ ወደ ሰው ይመለሳል። እዚህ ከመጣን ወዲህ ብዙዎቹ ትተውታል። እናቴ ግን ስንት ነገር ስትለቅ ይኼን አልለቀቀችም። ክርክር እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ምግቧን በሳህን አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀምጬ በእንጨቱ ሥር እገፋላታለሁ፤ እሷ ወደራሷ ሳህን ገልብጣ የኔን ባዶውን ትመልሳለች። ልቅሶ ደራሾቹ አዛውንቶች ነገሩን ስለሚያውቁት ኮሪደሩ ላይ ወንበር እየሳቡ፣ ከእንጨቱ ወዲህ ሆነው ያጽናኗታል።

እኔን ያስጨነቀኝ ልቧ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልቧ ምት ይዛባል። ክሊኒኩ ደረቷ ላይ የምትለጥፈው ትንሽ ነገርና ራስጌዋ የምትቀመጥ ነጭ ሣጥን ሰጥቷታል። ሣጥኗ የልቧን ምት በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ለነርሷ ትልካለች። ከላከች መብራቷ አረንጓዴ ነው፤ ካልላከች ብርቱካናማ። ከቀብሩ በፊት ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ይኼን ሳምንት አደራ» አለኝ። «ሐዘን ልብ ላይ ነው የሚያርፈው። ምቷ ከተዛባ ቶሎ ማወቅ አለብን።» አደራውን ተቀብዬ ወጣሁ። ሣጥኗም ከፍራሹ ጋር ማማድ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ቦታ የኮምፒውተር ባለሙያው ደወለልኝ።

«ኮምፒውተርሽ ባለበት መረብ ላይ የማናውቃቸው ከሠላሳ በላይ ስልኮች አሉ። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ልቅሶ ነው» አልኩት።

«ዛሬ ከሰዓት በፊት ካልለየሽው መስመርሽን እንዘጋለን።»

ደሜ ፈላ። ወደ ሳሎን ወጥቼ ብመለከት የአጎቴ ወዳጆች፣ የዘመድ ዘመድ፣ ከጣቢያ አውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ የመጣው ሁሉ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ሲስማው ግድግዳው ላይ ነው፤ ማን ይከለክላቸዋል? ወረቀቱን ገነጠልኩና ራውተሩ ፊት ቆምኩ።

እንዴት እንደሚለይ ቀደም ብሎ ተነግሮኛል። ራውተሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን ቤቱን በግድግዳ እንደመክፈል መረቡን ለሦስት መክፈል ይቻላል። በአንዱ ክፍል ያለ ዕቃ በሌላው ያለውን አያየውም፣ አይደርስበትም። አንዱን ለሥራዬ ኮምፒውተር አደረግሁ። አንዱን ለቤት፣ ለኛ ለራሳችን። ሦስተኛውን ለእንግዶች፤ እዚያ የገባ ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የቤቱን ዕቃ ቀርቶ እርስ በርሱም አይተያይም። ለሦስቱም አዲስ ሲስማ አወጣሁ።

እናቴ ከእንጨቱ ወዲያ ሆና ታየኝ ነበር።

«ምን እያረግሽ ነው አንች?»

«እንግዶቹን በሌላ መስመር እያደረግኋቸው።»

«ለይተሽ?»

«ለይቼ።»

«ለልቅሶ የመጣ ሰው ይለያል?»

«አንቺስ ራስሽን ለይተሽ የለም እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ድምፅዋን ሳታነሳ ነው የመለሰችልኝ። «እኔ የለየሁ ራሴን ነው። ሰው ራሱን ይለያል እንጂ ሌላውን አይለይም። ባገራችን ጎረቤቶቻችን ገንቧችንን ገዝተው እጃችን የነካውን እህል አይበሉም ነበር። ቡዳ ናቸው ይሉናል። አንች አታውቂውም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

«እማ፣ ሥራዬ ነው» አልኩና ላባብላት ብዬ ጨመርኩ፣ «የኛን እነግርሻለሁ። የቤቱ ሲስማ የወንዛችሁ ስም ነው፤ ከኋላው የልጆችሽ ቁጥር። ይኼ የኛ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጪ።»

የወንዟን ስም ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ምነው አፌን በቆረጠው!

አሁን ቴሌቪዥኑን፣ ስልኬን፣ ሳሎን ትታው የገባችውን የእናቴን ስልክ ወደ ቤቱ መረብ መመለስ ነበረብኝ። መለስኩ። ሣጥኗ ግን ማማድ ውስጥ ናት፤ ዕቃዋን አልነካም። ደግነቱ ሣጥኗን ያለ ሲስማ ማስገባት ይቻላል፤ የራውተሩን ቁልፍ እዚህ፣ የሣጥኗን ቁልፍ እዚያ እኩል መጫን ነው።

«እማ፣ አሁን ተጫኚው!»

«ተጫንሁት።»

«በራ?»

«በራ።»

ወዲያው ስልኬ ላይ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የቤቱን ዝርዝር አየሁ። የኔ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእናቴ ስልክ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አየሁ፤ ስም የሌለው አራተኛ ዕቃ ገብቷል። እፎይ አልኩ። ለባለሙያው ደወልኩለት፤ ካለበት ሆኖ ኮምፒውተሬን አይቶ «ንጹሕ ነው» አለኝ። እኔም ራሴን ጎበዝ ብዬ አመሰገንኩ። በራ ያለችኝ መብራት ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ዓርብ ቤቱ ለሰንበት ሲሰናዳ ዋለ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ ስልኬን የት እንደጣልኩትም አላስታውስም። ቅዳሜ ማንም ምንም አልነካም። ሌሎቹ ከሩቅ የመጡት ሲሄዱ የእናቴ የአክስት ልጅ ብቻ እኛ ጋ ከረሙ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከደቡብ በአውቶቡስ የመጡ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሰው ናቸው። ሐሙስ እኔ ራውተሩን ስነካካ ነው ከማዕከላዊው ጣቢያ የደረሱት። ስልካቸው ላይ የቄሶቻችንን ጸሎት ከፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከሰንበት በስተቀር ስልካቸው ዝም ብሎ አያውቅም።

እሁድ፣ አምስተኛው ቀን፣ የቁርሷ ሳህን እንዳለ ተመለሰ።

«ምነው እማ?»

«ትንሽ ደክሞኝ ነው። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሐዘን ነው ብዬ ሄድኩ። እሷም የብረቱን በር ገጠም አደረገችው። ማዳመጫዬን ደፍቼ ለአንድ ሽማግሌ ስለ እግር ቁስላቸው አስተረጎምኩ። ቀጥሎ ለሌላ ሰው ስለ ዐይኑ። ሁለተኛውን ጨርሼ ማዳመጫውን ሳወልቅ ስልኬ እየጮኸ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ናት።

«እናትሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ይደርሳችሁ የለም እንዴ?»

«ምንም አልደረሰንም። ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ገጿ ባዶ ነው። ዓርብ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም።»

«ኧረ ሣጥኗ ገብታለች! አሁን ዝርዝሩ ላይ አያታለሁ» አልኩ፤ ደግሞም እያየሁ ነበር። አራት ዕቃ። የኔ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእናቴ ስልክ፣ ያ ስም የለሹ።

«ካለች መላክ ነበረባት» አለች ነርሷ።

ምናልባት ተኝታ ይሆናል፣ ዘግቼ ብከፍታት ትነቃ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስም የለሹ ላይ ጣቴን አድርጌ ዘጋሁት።

ሳሎን ውስጥ ጸሎቱ ቀጥ አለ።

«ኧረ ተቋረጠብኝ!» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ነካው?»

ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ሳሎን ብቅ አልኩ። ስልካቸውን ወደ ብርሃን አንስተው እያገላበጡ ያዩታል።

«አባባ፣ ሲስማውን ማን ሰጠዎት?»

«እናትሽ ናት እንጂ። ሐሙስ ገና ስገባ። አንተ እንግዳ አይደለህም፣ በቤቱ ግባ አለችኝ። የወንዛችንን ስም።» ፈገግ አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ የእናቴ ልብ ነው ብዬ ያመንኩት የሽማግሌው ስልክ ነበር። ሣጥኗ ያለችው በየትኛውም መረብ አልነበረም። በኔ እጅ ከሁሉም ተለይታ፣ ለማንም ምንም ሳትናገር ሦስት ቀን ተቀምጣለች። እናቴም እንደዚያው።

«እማ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። «እማ!»

ኮሪደሩን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። የብረቱን በር ስስበው እንጨቱን ረገጥኩትና ተንከባሎ ግድግዳውን መታ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ላብ ከግንባሯ ይወርዳል፤ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ራስጌዋ ያለችው ሣጥን መብራት በርቷል። ብርቱካናማ ነው።

«አትንኪኝ» አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ዝም በይ!»

«አትንኪኝ እኮ አልሁሽ...»

ነካኋት። ሁለት እጄን ብብቷ ሥር አስገብቼ ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። ልቧ እጄ ላይ ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ሦስቴ ይዘላል። እናቴን እንደዚያ አቅፌያት አላውቅም፤ ለካ ቀላል ናት። ነርሷ ስልኩ ውስጥ «አምቡላንስ ልኬያለሁ፣ እንዳታስተኛት፣ ቀና እንዳለች ያዣት» ትላለች። የሰው እናት ስትናገር በሁለት ቋንቋ የማልደናገረው ሰው፣ ያን ቀን ለራሴ እናት አንድ ቃል አልወጣኝም። አለቀስኩ ብቻ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት በመጨረሻ። በየቀኑ ለስንቱ የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

«ከንጋት።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጠራሁሽ» አለች። «ሁለቴ ተጣራሁ። ድምፄ ይኼን ግድግዳ አላልፍ አለ።»

አምቡላንሱ እስኪመጣ የቆየውን ጊዜ አላውቀውም። ሽማግሌው ከእንጨቱ ቦታ ወዲህ ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ «እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ጥፋቱ?» ይላሉ። «አይደሉም አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ የእናቴም አልነበረም። እሷ እንደ ልማዷ የገዛ ሰዋን ከደጅ አላስቆምም አለች። እኔ ግን ሦስት በር ሠርቼ እናቴ ከየትኛው በር በስተኋላ እንዳለች ሄጄ አላየሁም። እንጨቱ ጋ ቆሜ ሦስት እርምጃ ላይ ያለች መብራት ለማየት አንገቴን እንኳ አላሰገግሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ ወዲያው ወሰዷት። ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት ተቀመጥኩ። ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ ከሥራ ነው፤ የሚያስተረጉም ጠፍቶ ሰው ይጠብቃል። አጠፋሁት። በኋላ ሐኪሙ መጥቶ ምቷ እንደተስተካከለ፣ ጥቂት ቀን እንደምትቆይ ነገረኝ። «በሰዓቱ አመጣሻት» አለኝ። ምስጋናው አልተዋጠልኝም።

ስገባ ቀና ብላ ትራስ ተደግፋለች። ፊቷ መልኩን ይዟል። አልጋዋ መስኮቱ ጋ ነው፤ ባሕሩ ይታያል። ጠረጴዛዋ ላይ ነርሶቹ እራት አስቀምጠውላታል፤ ዳቦ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል። እግሯ ጋ ቆምኩ። ልቅረብ አልቅረብ ጨነቀኝ።

«ነካሽኝ» አለች።

«ነካሁሽ።»

«አትንኪኝ አላልሁሽም?»

«ብለሽኛል።»

ቁጣዋን ጠበቅሁ። እሷ ግን እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እንግዲያው ከኔ ጋር ነሽ» አለች። «እኔን የነካ ጀንበር እስክትጠልቅ እንደኔ ነው። ከሰው ጋር መደባለቅ የለም፤ ነይ፣ ተቀመጭ።»

ተቀመጥኩ። ሳህኑን በመካከላችን አደረገችው። አምስት ቀን ሙሉ ምግቧን ወለል ለወለል ስገፋላት ሰንብቼ፣ ያን ምሽት ከአንድ ሳህን በላን። እንቁላሉን እሷ ላጠችው፤ እርጎውን በአንድ ማንኪያ ተቀባበልን። ስለ ራውተሩ አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም። ስለ አጎቴ ግን ነገረችኝ። ሲሞት እጁ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ከጣቶቹ እንደጀመረ፣ እሷ ይሞቅ ብላ ስታሸው እንደቆየች። እስከዚያ ቀን አልጠየቅኋትም ነበር።

ጀንበሯ ባሕሩ ውስጥ ገባች። እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ አየችና፣ «በቃ፣ ያንች አለቀ» አለችኝ። «ሂጅ፣ ታጠቢና ወደ ሰው ተመለሽ።»

አልሄድኩም። ሳህኑ ላይ የቀረውን ዳቦ ለሁለት ቆርሼ ግማሹን ሰጠኋት።